የሸክላ ልብስ፤ የማይልስ ዴቪስ ሽፋኖች ታሪክ

በአገራችን «ሸክላ» ብለን የምንጠራው የሙዚቃ ሳህን በመጀመሪያው ዘመን በእውነትም እንደ ሸክላ ሲወድቅ የሚሰበር ነበረ። በአንዱ ፊት የሚይዘውም የጥቂት ደቂቃ ዜማ ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ረዥም የሙዚቃ ድርሰት አራትና አምስት ሸክላ ይፈጅ ነበር። ነጋዴዎችም እነዚህን ሸክላዎች እንደ ፎቶግራፍ ደብተር ቅጠል ቅጠል ባለው ጥራዝ ውስጥ እየከተቱ ይሸጡ ነበርና «አልበም» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። የጥራዙ ሽፋን ግን ከጽሑፍ በቀር ምንም የሌለበት ቡናማ ወይም አመድማ ወረቀት ነበረ። የቤቶቨን ሲምፎኒም ሆነ የጭፈራ ቤት ዘፈን አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በመደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር፤ ገዢውም ጽሑፉን ካላነበበ በቀር አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም።

ይህን ልማድ የለወጠው አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ የኒው ዮርክ ወጣት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስታይንዋይስ በ1917 ተወልዶ፣ በ1939 ኮሎምቢያ በተባለው የሸክላ ኩባንያ የሥዕል ሥራ ኃላፊ ሆኖ ገባ። ሙዚቃን የመሰለ ውብ ነገር በማይረባ ወረቀት መጠቅለሉ አላስደሰተውምና አለቆቹን አግባብቶ በ1940 የመጀመሪያውን ባለ ሥዕል ሽፋን አወጣ። ሸክላዎቹ የሮጀርስና የሃርት የቴያትር ዘፈኖች ነበሩ፤ ሽፋኑም የቴያትር ቤት በር ላይ በመብራት የተጻፈውን ማስታወቂያ የሚያሳይ ነበረ። ገበያውም ደራ፤ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉት። በ1948 ያው ኮሎምቢያ በአንድ ፊት ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘውን ረዥም ሸክላ ባወጣ ጊዜ ሽፋኑም ከካርቶን የተሠራ፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር በሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሰሌዳ ሆነ። ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ከዚህ የሚበልጥ ሰፊ ሜዳ በሸክላ ቤት ውስጥ አግኝተው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የሙዚቃ ዓይነት የራሱን ልብስ ለበሰ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በኒው ዮርክ የነበረው ብሉ ኖት የተባለው የጃዝ ኩባንያ ነው። ፍራንሲስ ዎልፍ ከሂትለር መንግሥት ሸሽቶ ከበርሊን የመጣ ሰው ሲሆን፣ ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱ በጨለማ መካከል ፊታቸው ብቻ በርቶ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ያነሣቸው ነበር። ሬይድ ማይልስ የተባለው ባለሙያ ደግሞ ከ1956 ጀምሮ እስከ 1967 ድረስ ፎቶግራፎቹን ያለ ርኅራኄ እየቆረጠ፣ አንድ ቀለም ብቻ እየጨመረ፣ ፊደሎቹን እንደ ሙዚቃው እያስሮጠ በመቶ የሚቆጠሩ ሽፋኖች ሠራ። የሚገርመው ሰውየው ራሱ ጃዝ አይወድም ነበር፤ የሚያደምጠው የቀድሞዎቹን ታላላቅ የአውሮፓ ደራሲዎች ነው። ነገር ግን ያልወደደውን ሙዚቃ መልክ ከወዳጆቹ ይበልጥ አስተካክሎ አሳየው።

እንግዲህ ሽፋኑ የሙዚቃውን ዓይነት ሊናገር እንደሚችል በዚህ ይታወቃል። ሙዚቀኛው ማን እንደ ሆነ የሚናገረውስ ማን ነው? ሻጩ ነው ወይስ ራሱ ሙዚቀኛው? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ለጥቁሮች ሙዚቀኞች ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ብዙ ኩባንያዎች፣ ነጮች ገዢዎች እንዳይሸሹ በመፍራት፣ በጥቁር ሙዚቀኛ ሸክላ ላይ የነጭ ሴት ሥዕል ወይም የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ያወጡ ነበር። ድምፁ ይሸጣል፤ ፊቱ ግን ይሸሸጋል። ጥያቄውን ከማንም ይልቅ አጥብቆ የያዘው ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ ነው።

ማይልስ በ1926 በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር ተወለደ። አባቱ የጥርስ ሐኪም ነበሩና ልጅነቱን በድህነት አላሳለፈም፤ ኩራቱም ከዚያ የመነጨ ይመስለኛል። በ1955 ከኮሎምቢያ ጋር ተዋዋለ፤ ኩባንያው በ1957 ባወጣው «ራውንድ አባውት ሚድናይት» በተባለው ሸክላ ሽፋን ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ በቀይ ብርሃን ተነክሮ ይታያል። ለተመልካች ፈገግ አይልም፤ ዓይኑንም አያሳይም። የእኩለ ሌሊት ሙዚቃ መሆኑን ለመረዳት ሸክላውን ማጫወት አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ሸክላ ወጣ። «ማይልስ አሄድ» ይባላል፤ ጊል ኤቫንስ ለትልቅ ጓድ አዘጋጅቶት ማይልስ የነፋው ነው። በሽፋኑ ላይ የወጣችው በባለ ሸራ ጀልባ ላይ ከአንድ ሕፃን ጋር የተቀመጠች ነጭ ሴት ነበረች። «አሄድ» ማለት ወደ ፊት ማለት ስለ ሆነ ጀልባይቱ ወደ ፊት ትሄዳለች ለማለት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ትርጓሜ ለሻጭ ይበቃ ይሆናል። ማይልስ ግን ይህች ሴት በእኔ ሙዚቃ ላይ ምን ትሠራለች ሲል ለኩባንያው ሰዎች ቅሬታውን በቁጣ ገለጸ። ኋላ በታተሙት ቅጂዎች ላይ ጀልባይቱ ተነሥታ የራሱ ፎቶግራፍ ከነጥሩምባው ተተካ። አንድ ሙዚቀኛ፣ ያውም ጥቁር፣ ታላቁን ኩባንያ ሽፋን ማስለወጡ በዘመኑ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም።

በነሐሴ 1959 «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ወጣ። በሽፋኑ ላይ ጄይ ሜይዘል ያነሣው የማይልስ ፎቶግራፍ አለ፤ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ዙሪያው ጨለማ ነው። ሸክላው ከወጣ ሳምንት አለፍ እንዳለ፣ ነሐሴ 25 ቀን ሌሊት፣ ማይልስ በርድላንድ በተባለው የኒው ዮርክ ጃዝ ቤት ሲጫወት አምሽቶ በዕረፍት ሰዓት ከበሩ ላይ ቆሞ ሳለ ፖሊስ ከዚህ ሂድ አለው። የምሠራው እዚህ ነው፣ ስሜም ይኸው ከላይ ተጽፏል ብሎ ቢያመለክት ራሱን እስኪደማ ተደበደበና ታሰረ። በኋላ ከክሱ ነጻ ሆነ። ስሙ በመብራት ተጽፎ ሳለ ከስሙ በታች መቆም አልተፈቀደለትም። ስለ ሽፋን የነበረውን ክርክር ከንቱ ኩራት የሚሉ ሰዎች ይህን ሌሊት ቢያስቡት መልካም ነው።

ከዚህም በኋላ አሳቡን አልቀየረም። በ1961 «ሰምደይ ማይ ፕሪንስ ዊል ካም» የተባለው ሸክላ ሲወጣ ባለቤቱ ፍራንሲስ ቴይለር በሽፋኑ ላይ እንድትወጣ አደረገ። ፍራንሲስ ታላቅ የዳንስ ባለሙያ ነበረች። የዘፈኑ ስም የተወሰደው ከዋልት ዲስኒ ሲኒማ ነው፤ ልዑሉን የምትጠብቀው በዚያ እንደ በረዶ የነጣች ልዕልት ናት፤ በማይልስ ሸክላ ላይ ግን የምትጠብቀው ጥቁር ሴት ሆነች። በ1967 በወጣው «ሶርሰረር» ላይም ተዋናይቱ ሲስሊ ታይሰን ታየች። ዛሬ ይህ ነገር ተራ ይመስለናል፤ በዚያን ጊዜ ግን በትልቅ ኩባንያ ሸክላ ላይ የጥቁር ሴት ውበት ለራሱ ክብር ሲባል መውጣቱ አዲስ ነበር።

ሙዚቃው በተለወጠ ጊዜ ልብሱም ተለወጠ። ማይልስ የኤሌክትሪክ ጊታርና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ጨምሮ ወደ ሮክ ሲጠጋ፣ በ1970 የወጣው «ቢችስ ብሩ» የተባለው ድርብ ሸክላ ፎቶግራፍ አልነበረበትም። በሃምቡርግ ተወልዶ በፍልስጥኤም ያደገው ሠዓሊ ማቲ ክላርቫይን በባሕር ዳር የተቃቀፉ ሰዎችን፣ እንደ እሳት የሚነድድ አበባን፣ ጥቁርና ነጭ ፊትንም ሳለ፤ ሽፋኑ ሲዘረጋ ጥቁሩና ነጩ እጅ ጣት ለጣት ተቈላልፎ ይታያል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕልም መሰል ሥዕል የሮክ ወጣቶች ምልክት ነበረ። የቀድሞ የጃዝ ወዳጆች ሙዚቃውን ሳይሰሙ ከሽፋኑ ብቻ ሰውየው ጥሎን ሄደ ብለው ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም፤ ሽፋኑ የነገራቸው እውነቱን ነውና። ሸክላው ግን እጅግ ብዙ ተሸጠ።

በ1972 የወጣው «ኦን ዘ ኮርነር» ደግሞ የጥቁሮች ሠፈር ወጣቶችን ለመሳብ የታሰበ ነበር። ኮርኪ ማኮይ የመንገድ ዳር ሰዎችን እንደ ቀልድ ሥዕል አድርጎ በደማቅ ቀለም ሳላቸው፤ ማይልስም የአጃቢዎቹን ስም ከሽፋኑ አስቀረ። ይህን ተግባሩን ግን አልወድለትም። ራሱ ፊቴ ለምን ተሸሸገ ብሎ የተከራከረ ሰው የባልንጀሮቹን ስም መሸሸጉ አግባብ አይመስለኝም። የታሰቡት ወጣቶችም አልገዙትም።

በ1986 ማይልስ ከኮሎምቢያ ወጥቶ በዎርነር ብራዘርስ በኩል «ቱቱ» የተባለውን ሸክላ አወጣ። ስሙ የደቡብ አፍሪካውን ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱን ለማክበር የተሰጠ ነው፤ በዚያን ጊዜ አፓርታይድ ገና አልወደቀም ነበር። ፎቶግራፉን ያነሣው ኧርቪንግ ፔን ነው፤ ሽፋኑን ያሰናዳችው ጃፓናዊቱ ኤይኮ ኢሺዮካ በዚህ ሥራዋ በ1987 የግራሚ ሽልማት ተቀበለች። በፊተኛው ገጽ ላይ ጥሩምባ የለም፤ መነጽርም የለም፤ ስምም አልተጻፈበትም። ከግንባሩ እስከ አገጩ ድረስ ሠላሳ ሳንቲ ሜትሩን የሞላው የማይልስ ፊት ብቻ ነው፤ ዓይኖቹም ገዢውን ትክ ብለው ያዩታል። የሸክላውን ስም ማወቅ የፈለገ ሰው ገልብጦ ማየት ነበረበት።