ጎንደር ላይ የተለካው ሰማይ

ስለ ከዋክብትና ስለ ጥቁር ጉድጓድ ቪዲዮ ስናይ አምሽተን፣ ጠዋት የሒሳብ መጽሐፍ ስንገልጥ የሚደክመን ብዙ ነን። አስትሮፊዚክስን በራሱ ጥረት መማር የሚፈልግ ወጣት «ከየት ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የመልሱ አንድ ጫፍ ጎንደር ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። አባቶቻችን ቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ፤ ሰፈሩ ዛሬ አዲስ ዓለም ይባላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ መጀመሪያ ያረፈው በዚሁ የሙስሊሞች ሰፈር ነበር። ከጓዙ ጋር ቴሌስኮፕና የፀሐይን ከፍታ በዲግሪ የሚለካ ኳድራንት ይዞ ነበር። ለክቶ፣ አስልቶ፣ የጎንደርን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ተኩል ብሎ መዘገበ። የዛሬው ልኬት 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሳተው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ። ማረፊያ የሰጠነው እኛ ነን፤ ቁጥሩን ይዞ የሄደው ግን እሱ ነው።

የሚያስቆጨው፣ ስሌቱ ለሙስሊሙ ዓለም ባዕድ አለመሆኑ ነው። ከብሩስ 900 ዓመት ቀድሞ በባግዳድ ሐበሽ አል-ሓሲብ (ስሙ ሐበሽ ይሁን እንጂ የመርቭ ሰው ነው) በ829 የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ሰዓቱን ከፀሐይ ከፍታ አስልቶ አውጥቷል። የጥላ ሠንጠረዥም አዘጋጅቷል። ያ «ጥላ» ዛሬ ትምህርት ቤት ታንጀንት የምንለው ነው።

እንሞክረው። ታኅሣሥ 12 ገደማ ጎንደር ላይ አንድ ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርገን ብናቆም፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥላው በዘንጉ ቁመት ልክ ሲጨምር፣ ማለትም 1 ሜትር ከ73 ሲደርስ፣ በብዙኃኑ መዝሀብ የአስር ወቅት ይገባል። ያኔ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ናት። ይህን በወረቀት ማውጣት የቻለ ሰው ትሪጎኖሜትሪን ጀምሯል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

ፊዚክሱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ብሩስ ኬንትሮስ ለማወቅ የጁፒተርን፣ የጥንት ዑለማዎች ሙሽተሪ የሚሏትን፣ ጨረቃዎች እንደ ሰዓት ይጠቀምባቸው ነበር። አስትሮፊዚክስ ግን እነዚያኑ ጨረቃዎች እንደ ሚዛን ይጠቀምባቸዋል። አዮ የተባለችው ጨረቃ በ421,700 ኪሎ ሜትር ርቀት በ1.77 ቀን አንድ ጊዜ ትዞራለች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በኒውተን የስበት ሕግ ውስጥ ስናስገባ ጁፒተር ከመሬት 318 እጥፍ ገደማ እንደምትከብድ ይወጣል። ማንም ሄዶ አልመዘናትም! ለዚህ ስሌት አልጀብራና የ11ኛ ክፍል መካኒክስ ይበቃል። የኮከብን ቀለም ከሙቀቱ ጋር ለማያያዝ ብርሃንና ቴርሞዳይናሚክስ፣ የድምቀቱን ደረጃ ለማንበብ ሎጋሪዝም ይጨመራል። ኮከብ በራሱ ክብደት ለምን እንደማይፈርስ ለመረዳት ግን ካልኩለስ የግድ ነው፤ የ12ኛ ክፍል መጽሐፋችን የሚጀምረውን ከዳር ማድረስ ያስፈልጋል። ካልኩለስን ዘለን ስለ ጥቁር ጉድጓድ ብናነብ የምናገኘው ወሬ ነው፤ ይህን ያልነው ሞክረነው ስላየን ነው።

ቴሌስኮፕ አገራችን ውስጥም አለ፤ እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ተተክለዋል። ለመጀመሪያው ስሌት ግን ዘንግ ይበቃል። ደባርቅ ከጎንደር በግማሽ ዲግሪ አካባቢ ወደ ሰሜን ትርቃለች፤ በቀጥታ ወደ ሰሜን ሲለካ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ታኅሣሥ 12 ዙህር ሲገባ አንዱ አዲስ ዓለም፣ አንዱ ደባርቅ ሆኖ እኩል ዘንግ ቢያቆም፣ የደባርቁ ጥላ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ከዚያች ልዩነት የመሬትን ዙሪያ ማስላት ይቻላል።