የወንጀል ክስና የቪዛ ጥያቄ፦ የወለጋ አመልካቾች ሊያውቁት የሚገባ

ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡ ወይም ከደምቢ ዶሎ በቤተሰብ ጥሪ አልያም በዲቪ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያመለክት ሰው ከፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ብዙዎች ይህ ወረቀት ከተገኘ ጉዳዩ ያበቃ ይመስላቸዋል። ይሁንና ውሳኔው የሚሰጠው በአገሪቱ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ነው።

የቪዛው ቅጽ አመልካቹ ተፈርዶበት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ታስሮ እንደሆነም ይጠይቃል፤ ይቅርታ ወይም ምሕረት ያገኘም ቢሆን መግለጽ አለበት። ስለዚህ ያለ ክስ ታስሮ የተለቀቀም ሆነ በ2010 ዓ.ም. በወጣው የምሕረት አዋጅ የተፈታ ሰው «አልታሰርኩም» ሊል አይችልም። መታሰር በራሱ አያስከለክልም። ፍጹም ፖለቲካዊ የሆነ ጥፋትም ሕጉ ከክልከላው ለይቶ ያስቀምጠዋል። የሚያስከለክለው እስሩን መደበቅ ነው፤ በሐሰት ቃል የተገኘ አመልካች ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። ካናዳ በበኩሏ ለተመሳሳይ ጥፋት የ5 ዓመት እገዳ ትጥላለች።

ስርቆት፣ ማታለልና ሰነድ ማጭበርበር ከከባድ እንቅፋቶች መካከል ናቸው። አሜሪካ ለአንድ ቀላል ጥፋት ምሕረት የምታደርገው የወንጀሉ ከፍተኛ ቅጣት ከ1 ዓመት፣ የተፈረደውም ከ6 ወር ካልበለጠ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ግን ስርቆትን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በመሆኑም በስርቆት 3 ወር ብቻ የተፈረደበት ወጣት እንኳ ከዚህ ምሕረት ውጭ ይሆናል። ጥፋቱን የፈጸመው ከ18 ዓመት በታች ሳለ ከሆነና ከ5 ዓመት በላይ ካለፈው ግን ሌላ በር አለው።

ለገጠሩ ነዋሪ ይበልጥ የሚያሳስበው ፍርድ ቤት ፈጽሞ ያልደረሰ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለታጣቂ ቡድን ምግብ ወይም ማደሪያ መስጠትን እንደ ድጋፍ ይቆጥራል። በሌሊት በሩ ተንኳኩቶ እንጀራ ያቀረበ ገበሬም በዚህ ሊጠየቅ ይችላል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተገድደው ለሰጡ ሰዎች ከክልከላው ነጻ የማድረግ ሥልጣን አለ፤ የሚሠራው ግን ለእያንዳንዱ ሰው ጉዳዩ ተመርምሮ ነው።

ፍርድ ያለበት አመልካች የውሳኔውን ግልባጭ ከፈረደው ፍርድ ቤት አስቀድሞ ማውጣት ይኖርበታል። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች መዝገቡ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ በመሆኑ ወደ እንግሊዝኛ የተረጋገጠ ትርጉም ያስፈልገዋል። የዲቪ ባለዕድል ደግሞ ዓመቱ መስከረም 20 ላይ ስለሚዘጋበት፣ ይህን ሁሉ ለቃለ መጠይቁ ሳምንት ማቆየት አይበጀውም።