ጉልቻና ምድጃ በጎንደር

ዛሬ የምናወራው ስለ እሳት ነው፤ እንጀራችን ስለሚጋገርበት እሳት።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ ልክ ነው። ለማገዶው ግን ልክ አይደለም። እንዴት ቢሉ፣ ከጥንቱ እንነሳ።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነገሥታቱ ሰፈር ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ነበር። አንዱ ምክንያት የማገዶ ማለቅ ነው። ጎንደር ግን 200 ዓመት ያህል በመናገሻነት ቆየች። ግንቡ የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ድንጋዩ በእሳት ሳይቃጠል አይገኝም። እስቲ አስቡት! ለግንቡ ኖራ፣ ለቤተ መንግሥቱ ግብር፣ ለሕዝቡ ምጣድ፣ ለሁሉም የሚነደው የዚያው አገር እንጨት ነው።

እንጨት ሲጠፋ ምን ይነዳል? ኩበት ይነዳል። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ይህን ማንም ያውቀዋል። ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ሲገባ የገብሱ ማሳ ፍግ ያጣል። ማሳው ፍግ ሲያጣ እህሉ ያንሳል። ስለዚህ የማገዶ ነገር የእናቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጎተራም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ መንግሥት ሥራ እንምጣ። በ1880ዎቹ የባሕር ዛፍ ዘር ከአውስትራሊያ መጣ። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ደርሳ ነበርና ዐፄ ምኒልክ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ግብር ማሩ፤ ችግኙም በርካሽ እንዲሸጥ አደረጉ። ሰዉ መትከል ጀመረ። ዛፉ ቶሎ ማደጉ ብቻውን አልበቃም፤ ግብሩ በመማሩ አዋጭ ሆነ።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ነፃ ወጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን «ዛሬ የተከልኩትን ነገ ማን ይቆርጠዋል?» የሚል ሥጋት በብዙ ገበሬ ልብ አደረ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ደብተሩን የያዘ ሰው በድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ቢተክል፣ አጠናውን እኔው እሸጠዋለሁ ብሎ ነው።

ዛፍ መትከል አንድ ነገር ነው። ትንሽ ማንደድ ሌላ ነገር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ አወጡ። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ነው። በፎርማ ተቀርጾ ክፍል ክፍል ሆኖ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ይገጣጠማል። በሦስት ጉልቻ ላይ ነፋስ የሚወስደውን ሙቀት ይህ ምድጃ በምጣዱ ሥር ያግደዋል። በሚገባ ከተያዘ ማገዶውን በእኩሌታ ገደማ ይቀንሳል። በሚወጣው ሙቀት ላይም ድስት ይጣድበታል። ለከሰል ደግሞ «ላቀች» አለች፤ ውጭዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ ሸክላ።

እንግዲህ ጥሩ ዕቃ ከሆነ ለምን ሁሉም ቤት አልገባም? ጉልቻ በነፃ ነው! ምድጃው በብር ይገዛል። እንጨት ለቅማ የምታመጣ ሴት ለጀርባዋ ሕመም ማንም ዋጋ አይከፍላትም፤ ስለዚህ የተረፈው ሸክም በገንዘብ አይታይም። እንጨት በሚገዛበት በጎንደር ከተማ ግን ሒሳቡ ቶሎ ይታያል። በጉልቻና በምድጃ መካከል ያለው ፉክክር እንዲህ ያለ ነው።

መንግሥት በዚህ ፉክክር ውስጥ ሁለት እጅ አለው። አንዱ ይሰጣል፤ ሌላው ይነሳል። በመጋቢት 1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ጸደቀ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አረንጓዴ ኢኮኖሚ የሚባለው ዕቅድ ወጣ፤ በጥቂት ዓመት 9 ሚሊዮን ያህል ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለማዳረስ አሰበ። በመካከሉ፣ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የነዳጅ ድጎማ ተነሣ። ነጭ ጋዝ ሲወደድ የከተማ ሰው ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ፊቱን ይመልሳል። ደን ለማዳን የወጣ ፖሊሲና የነዳጅ ዋጋ የሚወስን ፖሊሲ በአንድ ማጀት ውስጥ ይገናኛሉ። ዕቅድ አውጪዎች ይህን ሁልጊዜ ያስባሉ ለማለት ይከብዳል።

ሌላም አለ። ምድጃውን የሚሠሩት ሠልጥነው ፎርማ የያዙ ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። ሲሚንቶ ሲወደድባቸው ወይ ዋጋ ይጨምራሉ፣ ወይ ሲሚንቶ ይቀንሳሉ። ሲሚንቶ ያነሰው ምድጃ ይሰነጠቃል፤ ጎረቤት ያየውና «ይኸው ነው ምርጥ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ጥሩውም አይሸጥም። አንድ ድርጅት በነፃ ሲያድል ደግሞ የሠሪዋ ገበያ በዚያው ሳምንት ይቆማል።

የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩት ዓይነት የሸክላ ምጣድ አሁንም በምርጥ ምድጃ ላይ ይቀመጣል። ምጣድ ግን ሁሉም እኩል አይደለም፤ ሰፋ ያለ አለ፣ ጠበብ ያለ አለ። ምድጃ ልትገዙ ስትወጡ የምጣዳችሁን ስፋት በገመድ ለክታችሁ ገመዱን ይዛችሁ ሂዱ። ሲሚንቶውንም በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት፤ ቶሎ ከተፈረፈረ አትግዙ።