የመነሻ በረራ ሥርዓትና የአብራሪዎች ስህተት፡- የቤይሩቱ አደጋ ምን ያስተምራል?

የመነሻ በረራ ሥርዓት የሚባለው አንድ አውሮፕላን ከማኮብኮቢያ ተነስቶ የጉዞ መስመሩን እስኪይዝ ድረስ የሚመራበት ዝርዝር ደንብ ነው። ደንቡ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ወደየት መዞር እንዳለበት፣ በየትኛው ነጥብ ላይ ምን ያህል ከፍታ መያዝ እንደሚገባውና ከማን ጋር በሬዲዮ እንደሚገናኝ ይወስናል። ዓላማውም አውሮፕላኑን ከተራራና ከሌሎች አውሮፕላኖች መጠበቅ ነው።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የሚሰጠውን ትዕዛዝ አብራሪዎች በሬዲዮ መልሰው የመድገም ግዴታ አለባቸው። ከዚያም አቅጣጫውን በመሣሪያቸው ላይ ይሞላሉ፤ አንደኛው ሲያበርር ሌላው መሣሪያዎቹን ይከታተላል። ተቆጣጣሪው፣ አብራሪውና ተከታታዩ አብራሪ አንዱ የሌላውን ስህተት እንዲያርሙ ታስቦ የተዘረጋ አሠራር ነው።

በመነሻ ወቅት የሚደርስ አደጋ ሁሉ ግን የአብራሪ ስህተት አይደለም። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከሌሎች የምዕራብ ጎጃም አካባቢዎች የሚነሱ መንገደኞች በሚገለገሉበት የባህር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ ለዚህ ማስረጃ ነው። ወደ አስመራ ለመብረር በመነሳት ላይ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦች ገብተውባቸው ኃይል በማጣታቸው በሆዱ ለማረፍ ተገዷል። አውሮፕላኑ በእሳት ሲያያዝ ከ104 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች መካከል 35 መንገደኞች ሕይወታቸው አልፏል።

የመነሻ ትዕዛዝን ከመከተል ጋር በቀጥታ የተያያዘውና በአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ብዙ ያነጋገረው አደጋ የደረሰው ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። የበረራ ቁጥሩ 409 የሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን 82 መንገደኞችንና 8 የበረራ ሠራተኞችን ይዞ ከሊባኖስ መዲና ቤይሩት ወደ አዲስ አበባ ለመብረር በሌሊት ተነሳ። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥም ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። በሕይወት የተረፈ ሰው አልነበረም።

የሊባኖስ መንግሥት የምርመራ ኮሚቴ በጥር 2004 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የመጨረሻ ሪፖርት መሠረት፣ ለአውሮፕላኑ ተሰጥቶ የነበረው መደበኛ የመነሻ መስመር ከመነሳቱ በፊት ተለውጦ ወዲያው ወደ ቀኝ እንዲዞር ተፈቅዶለት ነበር። ከተነሳ በኋላ 315 ዲግሪ እንዲይዝ ታዘዘ። በአካባቢው ነጎድጓዳማ ደመና ስለነበር ተቆጣጣሪው አቅጣጫውን ወደ 270 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ ለወጠው። አብራሪዎቹ ትዕዛዙን ተቀብለው በመሣሪያው ላይ ሞሉት፤ ወደ ግራም መዞር ጀመሩ። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ የታዘዘውን አቅጣጫ አልፎ ወደ ደቡብ መዞሩን ቀጠለ። ተቆጣጣሪው ወደ 270 ዲግሪ እንዲመለሱ ደጋግሞ ሲያሳስብ ከአውሮፕላኑ የተቀባይነት ምላሽ ይሰጥ እንደነበርም ሪፖርቱ ያስረዳል።

ትዕዛዙ ተሰምቷል፤ ምላሽም ተሰጥቶበታል፤ አልተፈጸመም። ኮሚቴው ለአደጋው ምክንያት ያደረገው አብራሪዎቹ የአውሮፕላኑን ፍጥነት፣ ከፍታ፣ አቅጣጫና አቋም በአግባቡ አለመቆጣጠራቸውን እንዲሁም እርስ በርስ የመደጋገፍና ስህተትን የመጠቆም መርህን አለመከተላቸውን ነው። ዋና አብራሪው በሥራ ጫናና በውጥረት ብዛት ያለበትን ሁኔታ መገንዘብ ሳይሳነው እንዳልቀረ፣ ረዳቱም ይህን ተረድቶ ጣልቃ እንዳልገባ ሪፖርቱ ይገልጻል። ሁለቱም በዚያ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ የነበራቸው ልምድ አነስተኛ ሆኖ ሳለ አብረው መመደባቸው በአስተዋጽኦ ምክንያትነት ተጠቅሷል።

የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና አየር መንገዱ ይህን መደምደሚያ አልተቀበሉትም። በኢትዮጵያ ወገን የቀረበው አስተያየት አውሮፕላኑ በአየር ላይ በደረሰ ፍንዳታ መበተኑን፣ መንስኤውም ጥቃት፣ አሻጥር ወይም መብረቅ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ኮሚቴው ይህን ማብራሪያ በመደምደሚያው አላካተተውም። በመሆኑም የሁለቱ ወገኖች አቋም እስከ መጨረሻው ሳይታረቅ ቀርቷል።

የረዳት አብራሪ ዝምታ የሚያስከትለው ጉዳት በዓለም አቀፍ ደረጃ ትኩረት ያገኘው ከዚህ አደጋ በፊት ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔን ቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። የኬኤልኤም አውሮፕላን ዋና አብራሪ የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር በጀመረበት ወቅት የበረራ መሐንዲሱ ማኮብኮቢያው ነጻ ስለመሆኑ ጥርጣሬውን ገልጾ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ ግንኙነት "መነሳት" የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደርጓል። የበታች የሆነው ባለሙያ ስህተትን በግልጽ እንዲናገር፣ የበላዩም እንዲያዳምጥ የሚያስችል ሥልጠና ለአብራሪዎች መሰጠት የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በሚከተለው ደንብ የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛን መለየት ወይም ተጠያቂነትን መወሰን አይደለም። "የአብራሪ ስህተት" የሚለው ቃልም በዚሁ መንፈስ መታየት ይኖርበታል። ስህተቱ በአብራሪው እጅ ላይ ቢታይም ከጀርባው የሥራ ምደባ፣ የዕረፍት ጊዜ፣ የሥልጠናና በአለቃና በበታች መካከል ያለው ግንኙነት ይገኛሉ። እነዚህን የመወሰን ኃላፊነት ያለባቸው ደግሞ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያልነበሩ የሥራ ኃላፊዎች ናቸው።