የሚድስ ወንድማማቾች

በ1970 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ኦል ብላክስ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ስፕሪንግስ ከተማ ላይ ከኢስተርን ትራንስቫል ጋር ሲጫወት የኮሊን ሚድስ ክንድ ተሰበረ። ከሜዳ አልወጣም። ኒውዚላንድ 24 ለ 3 አሸንፋ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ሲገፋና ሲታገል ቆየ። ይህን ራግቢ የሚወድ ሁሉ ያወራዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ሌላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቤት የቀሩትን በጎች ማን ይጠብቅ ነበር?

ሚድስ ገበሬ ነበር። በኒውዚላንድ ሰሜን ደሴት፣ ኪንግ ካንትሪ በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ቴ ኩይቲ አጠገብ ከወንድሙ ከስታን ጋር በግና ከብት ያረባል። ራግቢ ያኔ እንጀራ አይሆንም፤ በመጫወቱ ገንዘብ የተቀበለ ይታገድ ነበር። በ1963 ወደ ብሪታንያ፣ አየርላንድና ፈረንሳይ የተጓዘው ቡድን 36 ጨዋታ አድርጎ አገሩ የገባው ከወራት በኋላ ነው። እኔ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝ። በሐምሌ ማሳውን ጥሎ የሄደ ሰው ጎተራው ምን እንደሚመስል አይቼ አድጌያለሁ።

ስታን እንዲያው ረዳት ብቻ አልነበረም። ለኒውዚላንድ 15 ይፋዊ የአገር ለአገር ግጥሚያ ተጫውቷል፤ በ11ዱ ከወንድሙ ጋር አብሮ ተሰልፏል። በ1966፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ ከብሔራዊ ቡድኑ ወጥቶ ወደ እርሻው ተመለሰ። ኮሊን እስከ 1971 ቀጠለ፤ ጨዋታዎቹ 133 ደረሱ፣ ከእነሱ 55ቱ ይፋዊ ግጥሚያዎች ነበሩ። ቤት ደግሞ ባለቤቱ ቬርና አምስት ልጆች ታሳድግ ነበር።

ኮሊን የሚጫወትበት ቦታ ሎክ ይባላል፤ በስክረም ጊዜ የሁለተኛው ረድፍ ሰው ነው። ስምንት በስምንት ተያይዘው ሲጋፉ፣ ሎኩ ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ጓደኛውን ያቅፋል፣ በሌላው የፊተኛውን ተጫዋች ይጨብጣል፣ ራሱንም በሁለት ሰዎች ዳሌ መካከል ያስገባል። ከዚያ በትከሻው ይገፋል። ጆሮው ይፈገፈጋል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሎኮች ጆሯቸውን በፋሻ የሚጠቀልሉት። ኳስ ከመስመር ውጭ ወጥታ ስትወረወር ደግሞ ዘሎ መቅለብ የእሱ ሥራ ነው። ዛሬ ጓደኞቹ ከጭኑ ይዘው ወደ ላይ ያነሱታል። በሚድስ ዘመን ማንሳት ክልክል ስለነበር በራሱ ጉልበት ብቻ ይዘል ነበር፤ ያውም ባላጋራ እየጎተተውና በክርኑ እየጎሸመው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ92 ነበር። የዛሬ ሎኮች አብዛኞቹ ይበልጡታል።

ጠንካራነቱ አንዳንዴ ልክ ያልፍ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ኤደንብራ ላይ ከስኮትላንድ ጋር ሲጫወቱ፣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ሳለ፣ የስኮትላንዱ ዴቪድ ቺሾልም ሊያነሳት ወዳጎነበሰላት ኳስ እግሩን ሰነዘረ። አየርላንዳዊው ዳኛ ኬቪን ኬለኸር አስወጣው። ብዙ ኒውዚላንዳውያን ተበደለ ይላሉ፤ እኔ ዳኛው ደፋር ነበር እላለሁ።

ከዚህ የከበደው ግን የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። ሚድስን ስለምወደው ብዬ አልዘለውም። በ1960 የኒውዚላንድ ራግቢ ማኅበር ሰውን በቆዳ ቀለም የምትለየውን ደቡብ አፍሪካን ላለማስከፋት የማኦሪ ተጫዋቾችን፣ ማለትም የአገሩን ነባር ሕዝብ ልጆች፣ ትቶ ወደዚያ ቡድን ላከ። ከ150,000 በላይ ሰዎች ተቃውመው ፈርመዋል፤ ቡድኑ ግን ሄደ፣ ሚድስም አብሮ ሄደ። በ1985 ወደ ደቡብ አፍሪካ የታሰበ ሌላ ጉዞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲታገድ፣ ከተመረጡት 30 ተጫዋቾች 28ቱ በቀጣዩ ዓመት ካቫሊየርስ በሚል ስም ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ተጓዙ። አሠልጣኛቸው ሚድስ ነበር። የቀሩት ሁለቱ፣ ዴቪድ ከርክና ጆን ከርዋን፣ አንሄድም አሉ። ሚድስ በጉዞው ምክንያት የብሔራዊ ቡድን መራጭነቱን አጣ። ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የቆዳ ቀለም በሚወስንበት አገር ግን ሜዳው ራሱ ፖለቲካ ነበር፤ ከርክና ከርዋን ይህን ተረድተዋል፣ ሚድስ አልተረዳም።

ኒውዚላንድ ግን ይቅር አለችው። በ1995 የዓለም ዋንጫ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ጆሃንስበርግ ተገኘ፤ ማንዴላ ባሉበት የፍጻሜ ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 15 ለ 12 አሸነፈች። ሁለት ወር አልፎ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ራግቢ ለተጫዋቾች መክፈልን ፈቀደ። በ1999 ሚድስ የክፍለ ዘመኑ የኒውዚላንድ ተጫዋች ተባለ።

በሰኔ 2017 ቴ ኩይቲ ላይ ሐውልቱ ሲመረቅ በካንሰር ታሞ ነበር፤ ቢሆንም ተገኝቶ አየው። በነሐሴ በ81 ዓመቱ ዐረፈ። እኔን የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ ስታንንም ከጎኑ አቁሙት እል ነበር።