ከወሊድ በኋላ የሚታይ የተዛባ ደም

ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ደም ጊዜውን ሳይጠብቅ፣ አንዴ በዝቶ አንዴ ጠፍቶ ሊታይ ይችላል። አብዛኛው የጤና ነው። እንግዴ ልጁ ተላቆ የወጣበት የማህፀን ግድግዳ እስኪድን የሚወርደው ፈሳሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደማቅ ቀይ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። አራሷ ስታጠባ ወይም ከመኝታዋ ስትነሳ ለጊዜው መጨመሩ አያስደነግጥም።

የወር አበባ የሚመለስበትን ጊዜ በይበልጥ የሚወስነው ጡት ማጥባት ነው። የማታጠባ ሴት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ታያለች። በምታጠባዋ ግን ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን እንቁላል እንዳይወጣ ስለሚገታ የወር አበባዋ ለወራት ሊዘገይ፣ ሲመለስም ሊዘበራረቅ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ እንቁላል ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊት ሊወጣ ስለሚችል፣ ደም ሳይታይም ማርገዝ ይቻላል። በክንድ የሚቀበር ወይም በየ3 ወሩ የሚወጉት የወሊድ መቆጣጠሪያም ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊያመጣ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልነገሯት እናት ደንግጣ ብታቋርጠው አይፈረድባትም።

አደገኛው ከወሊድ 24 ሰዓት በኋላ እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚነሳው ብርቱ መድማት ነው። መንስኤው ብዙውን ጊዜ በማህፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ወይም ኢንፌክሽን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትልልቅ የረጋ ደም፣ መጥፎ ሽታ፣ ትኩሳት ወይም ራስ ማዞር ከታየ «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ እናትየዋ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም መድረስ አለባት።