ግዴታ፣ ፈቃድና ግምት፦ የእንግሊዝኛ ረዳት ግሶች በአርሲ ደጋ ተማሪ ዘንድ

በአርሲ ደጋ፣ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት በዲክሲስ፣ በቤቱ አፋን ኦሮሞ እየተናገረ ያደገ፣ አማርኛንም ከገበያና ከጎረቤት የለመደ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል በገባ ጊዜ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ይማር ዘንድ ግድ ይሆንበታል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ልሳን፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን ለእንግሊዝኛ መድቦታልና። ይህ ልጅ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል አንሥቶ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲማር ስለ ቆየ፣ የግሱን ኃላፊና ትንቢት ያውቃል፤ የቃላት ስንቁም ለዕድሜው የሚያንስ አይደለም። ሆኖም በዕለት ተዕለት ንግግር አብዝተው የሚመላለሱትን፣ እንግሊዞች ሞዳል የሚሏቸውን ረዳት ግሶች፣ እነ ካንን፣ ኩድን፣ ሜይን፣ ማይትን፣ ሻልን፣ ሹድን፣ ዊልን፣ ውድንና መስትን በቦታቸው ማዋል ያስቸግረዋል። የችግሩ ምክንያት፣ እኔ እንደማምነው፣ ግሶቹ በሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ እየተደረደሩ ሲሰጡት፣ ግዴታን፣ ፈቃድንና ግምትን እርሱ በሚያውቃቸው በሁለቱ ልሳናት እንዴት እንደሚለይ ማንም ስለማይጠይቀው ነው።

ስለ ቅርጻቸው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ረዳቱ ግስ በባለቤቱ አይለወጥም፤ ከኋላው የሚከተለውም ግስ ባዶውን ይመጣል። በየክፍሉ የሚሰማው «ሂ ካንስ» ወይም «መስት ቱ ጎ» የሚለው ስሕተት በጥቂት ሳምንት ልምምድ ይታረማል፤ ሥር የሰደደውና ከዩኒቨርሲቲ በኋላ እንኳ የማይለቀው የትርጉሙ ስሕተት ነው።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ምሥጢር እንደሚተረጉሙት፣ «ይችላል» የሚለው የአማርኛ ግስም አንድም ችሎታ፣ አንድም ፈቃድ፣ አንድም ግምት ነው። «ልጁ ማንበብ ይችላል» ስንል ችሎታውን፣ «አሁን መግባት ትችላለህ» ስንል ፈቃዱን፣ «ነገ ሊዘንብ ይችላል» ስንል ግምታችንን እንናገራለን፤ አፋን ኦሮሞም «ደንደኡ» በሚለው ግስ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ያደርጋል። እንግሊዝኛ ግን ችሎታን ለካን ይሰጥና ስለ አንድ ቀን የሚነገረውን ግምት ለሜይ፣ ለማይትና ለኩድ ያካፍላል። ስለዚህ ተማሪያችን ደመናውን አይቶ «ኢት ካን ሬን ቱሞሮው» ሲል፣ አንደበቱ የያዘው የእንግሊዝኛ ቃል ይሁን እንጂ አሳቡን የሸከፈው በአማርኛው «ይችላል» ነው። ካን ለዝናብ ጨርሶ አይነገርም ማለት ግን አይደለም፤ በበልግ ወራት በአርሲ ደጋ ዝናብ ሊጥል ይችላል ብሎ የአገሩን ጠባይ ለሚገልጽ ሰው ካን ትክክለኛው ቃል ነው። ስለ አገሩ ጠባይ መናገርና ስለ ነገው ቀን መገመት የተለያዩ መሆናቸውን መምህሩ በዚህ ምሳሌ ቢያሳይ፣ ልዩነቱ በልጁ ልቡና ይቀረጻል።

በአሉታው ግን ነገሩ ይገለበጣል። አማርኛ «ላይመጣ ይችላል» የሚለውን «መምጣት አይችልም» ከሚለው አጥርቶ ሲለይ፣ የእንግሊዝኛው «ሜይ ኖት» ግምትንም ክልከላንም ተሸክሞ ይገኛል፤ ተማሪው የገዛ ቋንቋው በአንዳንድ ስፍራ ከእንግሊዝኛው የጠራ መሆኑን ማወቁም ያጸናዋል።

ይህ ሁሉ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፣ ስንዴው በቢጫ ዋግ ሲመታ አባት ከከተማ ገዝቶ ያመጣውን የፀረ-ዋግ መድኃኒት ጠርሙስ ይመልከት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሲሆን የሚያነበው ተማሪው ልጅ ነው። የኬሚካል አደጋ ማስጠንቀቂያዎች የሚጻፉበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በአንዳንዱ ጉዳት ላይ «ኮዝስ»፣ በሌላው ላይ ደግሞ «ሜይ ኮዝ» ይላል። ሜይን ፈቃድ ብቻ አድርጎ የተማረ ልጅ በዚህ ቃል ፊት ግራ ይጋባል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከሌላ መድኃኒት ጋር ስለ መቀላቀል የሚናገር መስመር ቢኖር፣ «መስት ኖት» ከሆነ ፍጹም ክልከላ፣ «ኒድ ኖት» ከሆነ ግን አያስፈልግም ማለት ብቻ ነው፤ ልጁ ሁለቱንም ለአባቱ «መቀላቀል የለበትም» ብሎ ሊተረጉምለት ይችላል፣ አማርኛው «የለበትም» ክልከላንም የግዴታን አለመኖርንም ይይዛልና። ቅዳሜ ቀን «ዛሬ ትምህርት ቤት መሄድ የለብኝም» የሚል ልጅ ማንም አልከለከለውም። መምህሩ ስለዚህ «የለበትም» የሚለውን ቃል ለክልከላ ብቻ ጠብቆ፣ ሁለተኛውን «አያስፈልግም» ብሎ እንዲተረጉም አጥብቄ እመክራለሁ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በሰነዶቹ ሻልን ለግዴታ፣ ሹድን ለምክር፣ ሜይን ለፈቃድ፣ ካንን ለሚቻል ነገር ለይቶ መደንገጉ፣ በእነዚህ አጫጭር ቃላት ላይ ምን ያህል ነገር እንደሚንጠለጠል ያሳያል።

ግዴታ በሦስቱ ልሳናት የሚነገርበት መንገድ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። አማርኛ ግዴታን በሰው ላይ ያኖረዋል፤ «መሄድ አለበት» ማለት መሄዱ በእርሱ ላይ ነው ማለት ነው። አፋን ኦሮሞ «ዴሙ ቀበ» ሲል ግዴታውን ሰውየው እንደያዘው ገንዘብ ይቆጥረዋል፤ «ቀበ» አለው፣ ይዟል ማለት ነውና። እንግሊዝኛው «ሃቭ ቱ» ከአፋን ኦሮሞው ጋር በአሳብ አንድ ስለሆነ፣ የዲክሲስ ልጅ ከመስት ይልቅ በእርሱ በኩል ቢገባ መንገዱ ይቀናለታል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሊቁ የጄፍሪ ሊች ጥናትም ይህን ያግዛል፤ እርሱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 እና በ1991 የተጻፉ የእንግሊዝኛ ጽሑፎችን አነጻጽሮ መስት፣ ሜይና ሻል በእጅጉ መቀነሳቸውን አሳይቷል። እኛ ግን ሻልን ዛሬም በሕጋችን እናገኘዋለን፦ የሕገ መንግሥታችን እንግሊዝኛ «ሻል» በሚልበት ስፍራ አማርኛው «ይሆናል» ወይም «ይኖራቸዋል» ብሎ፣ ያለ ረዳት ግስ፣ በትንቢቱ አንቀጽ ብቻ ይደነግጋል።

ስለ አክብሮት የሚነገረውም ከዚህ የሚያንስ አይደለም። እኛ ታላቅን «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ብለን፣ በአፋን ኦሮሞም «ኢሲን» ብለን እናከብራለን፤ አክብሮቱ በተውላጠ ስሙና በግሱ ውስጥ ስላለ «ውሃ ይስጡኝ» ማለት በትእዛዝ አንቀጽ ቢነገርም ነውር የለበትም። ዛሬ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «ዩ» ከሚለው በቀር ሌላ ስለሌለው፣ አክብሮቱን ወደ ረዳት ግሱ አዛውሮ፣ የኃላፊ መልክ ባላቸው በኩድና በውድ ልመናውን ያለሰልሳል። በአገሩ በጨዋነት ያደገ ወጣት እንግዳውን «ጊቭ ሚ» ሲለው ባለጌ መስሎ የሚታየው አክብሮቱ በትርጉም መካከል ጠፍቶበት ነው፤ ይህን ነገር መምህራን ከሰዋስው ይልቅ የጠባይ ጉዳይ አድርገው ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

ከማስረጃ ተነሥቶ ለሚደረስበት ግምትም አማርኛ ያማረ አነጋገር አለው። ከትምህርት ቤት ስለ ቀረ ጓደኛ «ሳይታመም አይቀርም» እንላለን፤ እንግሊዝኛ በዚህ ስፍራ «ሂ መስት ቢ ኢል» ይላል። አሁን አሁን «ታሞ መሆን አለበት» ሲባልም ይሰማል፤ እኔ ግን ለማስተማሪያ የፊተኛውን እመርጣለሁ፣ ተማሪው መስትን ከግዴታ ነጥሎ ያየው ዘንድ። «ዝናቡ ባይቋረጥ ኖሮ ገብሱ ባማረ ነበር» የሚለውን የገበሬ ቁጭት የሚያውቅ ልጅም «ውድ ሃቭ» የሚባለውን አገባብ ግማሹን ተምሮት መጥቷል።

እንግዲህ በአሰላ የሚገኙት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና አርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራኖቻቸውን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው፣ «ደንደኡ»ን፣ «ቀቡ»ን፣ «ይችላል»ንና «አለበት»ን ከእንግሊዝኛው ረዳት ግሶች ጋር የሚያነጻጽር፣ ምሳሌዎቹንም ከእርሻው፣ ከጤና ጣቢያውና ከገበያው የወሰደ አነስተኛ መጽሐፍ ለዘጠነኛ ክፍል መምህራን እንዲያዘጋጁ በትሕትና እለምናለሁ።